ረሀብና የስኳር ሕመም፦ ከወሎ ደጋ እስከ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.

የስኳር ሕመም ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጥጋብና ወደ ውፍረት ያዘነብላል። በከተማ ለሚበዛው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ይህ አመለካከት በአብዛኛው ይሠራል። ከከላላ እስከ መካነ ሰላም በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን ገበሬው ከውፍረት ይልቅ የሚያውቀው የእህል እጥረትን ነው። ስለሆነም በዚህ አካባቢ የሜታቦሊዝም ሕመሞች ታሪክ ሲተረክ መነሻው ጥጋብ ሳይሆን ረሀብ መሆን ይገባዋል።

የረሀብ ዘመናት አሻራ

ወሎ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ታላላቅ ረሀቦችን አሳልፏል። የመጀመሪያው በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም የተገለጠ ሲሆን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ለተፈጸመው የዘውድ መንግሥት ውድቀት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኗል። ሁለተኛው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ባስተላለፈው ዘገባ ታወቀ።

የእነዚህ ዓመታት ጉዳት የሞቱትን በመቁጠር ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በሰሜን ወሎ ስለ ራያ ቆቦ ነዋሪዎች በታተሙ ጥናቶች፣ የ1975-77 ዓ.ም. ረሀብ በማሕፀን ወይም በሕፃንነት ያገኛቸው ሰዎች በጎልማሳነታቸው ቁመታቸው አጥሮ ተገኝቷል። ረሀቡ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም ምልክቱ በሰውነታቸው ላይ ይታያል።

የቀጭኑ ሕመምተኛ ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የስኳር ሕመም ምደባ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመምን ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መዝግቦት ነበር። በ1999 ግን ማስረጃው በቂ አይደለም በሚል ከምደባው ተሰረዘ። ክርክሩን ዳግም ካነሡት መካከል የጎንደር ሐኪሞች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ቀጫጭኖችና አካላቸው ያነሰ መሆኑን፣ ሕመማቸውም ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ ግብርና፣ ከትምህርት ማነስና በልጅነት ንጹሕ ውኃ ካለማግኘት ጋር መያያዙን አሳዩ። በዚሁ ሕዝብ መካከል የተካሄደና በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በብዙ ሕመምተኞች ላይ የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የዘርና የመከላከያ ሥርዓት ምልክቶችን አግኝቷል። ቀጭን ሕመምተኛ ሁሉ የረሀብ ሕመምተኛ አይደለም ማለት ነው። በሚያዝያ ወር 2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት "አምስተኛው ዓይነት" ብሎ ተቀብሎታል።

ሰውነት ረሀብን እንዴት ያስታውሳል?

የቆየ ረሀብ ከብዙ ዓመት በኋላ ሕመም የሚያመጣበትን መንገድ ለመረዳት ከሚረዱት ግኝቶች አንዱ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ደቃቅ ትል ላይ የገለጹት ይህ አጭር ሞለኪውል ራሱ ፕሮቲን አይሠራም፤ በመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ላይ እየተጣበቀ የሌሎችን ዘረ መሎች ምርት ይቀንሳል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ግኝቱ ወደ ሜታቦሊዝም የተሻገረው በፍጥነት ነበር። በ2004 ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.-375 በቆሽት ሕዋሳት ውስጥ የኢንሱሊንን መመንጨት እንደሚገታ ታወቀ። በ2011 ደግሞ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.-103 እና 107 በወፈሩ አይጦች ላይ ከፍ ብለው እንደሚገኙ፣ ሲታገዱም ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ እንደሚሻሻል ተረጋገጠ።

ለወሎ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2012 የታተመው ነው። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ፕሮቲን ባነሰው ምግብ የተመገቡ አይጦችም ሆኑ በዝቅተኛ ክብደት የተወለዱ ጎልማሶች በስብ ሕብረ ሕዋሳቸው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.-483-3ፒ በዝቶ ተገኘ። ይህ ሞለኪውል የስብ ሕዋስ እንዳይዳብርና ስብ የማከማቸት ዐቅሙ እንዲወሰን ያደርጋል፤ ማከማቻ ያጣው ስብ በጉበትና በጡንቻ ሊጠራቀምና የኢንሱሊንን ሥራ ሊያውክ ይችላል። ቀጭን ሰው በሜታቦሊዝም ሕመም የሚያዝበትን አንድ መንገድ ያመለክታል፤ ግኝቱ ከከላላ ገበሬ የተወሰደ ባለመሆኑ ግን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ፍንጭ ሊታይ ይገባል።

ለጤና ባለሙያው የሚተርፈው

ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ን መለካት ዛሬ ለጤና ጣቢያ የሚሆን ምርመራ አይደለም። የታሪኩ ትምህርት ግን ዛሬውኑ በሥራ ሊውል ይችላል። ከስቶ፣ ውኃ እየጠማውና ሽንት እያመላለሰው የመጣ ወጣት ገበሬ ቀጭን በመሆኑ ብቻ ከስኳር ሕመም ነፃ ነው ተብሎ መሸኘት የለበትም፤ ክሳቱ ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለሌላ ሕመም ቢመረመርም የደሙ ስኳርና የሽንቱ ኬቶን አብረው ይታዩ። ኢንሱሊን ሲታዘዝለትም በቤቱ ምን እህል እንዳለና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ ይጠየቅ፤ ምግብ በሌለበት ቤት የተወጋ ኢንሱሊን የደም ስኳርን እስከ ሞት ሊያወርድ ይችላልና። ነፍሰ ጡርን መመገብ ደግሞ የዛሬን ረሀብ ከማስታገሥ አልፎ የሚወለደውን ልጅ የነገ ጤና መጠበቅ ነው።