ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የሚዘጋጅ የዲጂታል አገልግሎት መግለጫ፦ ምንነቱና ለተገልጋዮች ያለው ጠቀሜታ

ምንነት

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ተጠቃሚው በተለመደው የንግግር ቋንቋ የሰጠውን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ሥራውን ለማከናወን ሌሎች ሶፍትዌሮችን የሚጠቀም መተግበሪያ ነው። መረጃ ከመፈለግ አልፎ ቅጽ ሊሞላ፣ ቀጠሮ ሊያስይዝ ወይም ማመልከቻ የደረሰበትን ደረጃ ሊጠይቅ ይችላል። «ወኪል» የሚለው ስያሜ የቴክኖሎጂ ስያሜ በመሆኑ፣ በሕግ ፊት ተረጋግጦ ከሚሰጥ የውክልና ሥልጣን ጋር መምታታት የለበትም።

ወኪሉ አንድን አገልግሎት በአግባቡ መጠቀም የሚችለው አገልግሎቱ ምን እንደሚሠራ፣ ምን መረጃ እንደሚቀበልና ምን ውጤት እንደሚሰጥ በሚገልጽ ሰነድ አማካይነት ነው። ለዚህም ክፍት ስታንዳርዶች አሉ። ኦፕንኤፒአይ ሶፍትዌሮች እርስ በርስ የሚገናኙበትን መንገድ ለመግለጽ ያገለግላል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ደግሞ ወኪሎች ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር የሚገናኙበት ወጥ ሥርዓት ነው። ስታንዳርዶቹ የሰነዱን ቅርጽ ይወስናሉ፤ የይዘቱ ግልጽነት ግን የአዘጋጁ ተቋም ኃላፊነት ነው።

አስፈላጊነት

በመስኮት የሚያስተናግድ ባለሙያ በቅጹ ላይ ያልተጻፈውን ብዙ ነገር በልምድ ያውቃል፤ ሲጠራጠርም ባለጉዳዩን ይጠይቃል። ወኪል ግን በሰነዱ ያልሰፈረውን በግምት ሊሞላው ይችላል። ችግሩ በተለይ በሚከተሉት ጉዳዮች ላይ ጎልቶ ይታያል፦

1. የዘመን አቆጣጠር፦ ጳጉሜ 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ቀኑ «5/13/2009» ተብሎ ቢጻፍ፣ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ «ሜይ 13 ቀን 2009» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ትክክለኛው ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ነው። ሕፃኑ ከስምንት ዓመት በላይ ዕድሜ ሲጨመርበት የስህተት ምልክት ላይታይ ይችላል።

2. ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 9፡00 ነው። «3፡00» ተብሎ ብቻ ቢጻፍና ከቀትር በኋላ ተብሎ ቢተረጎም፣ ባለጉዳዩ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከቀኑ 9 ሰዓት ይደርሳል።

3. ስም፦ በኢትዮጵያ ሙሉ ስም በተለምዶ የባለጉዳዩን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይይዛል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ያለ ማብራሪያ ሲቀርብ የአባት ወይስ የአያት ስም እንደሚገባ አይታወቅም። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» አንድ ስም ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው።

4. መለያ ቁጥር፦ የፋይዳ ልዩ ቁጥር 12 አሃዞች አሉት። የአሃዙ ብዛት በሰነዱ ካልተገለጸ ሌላ ቁጥር በስህተት ሊገባ ይችላል።

መግለጫው ሊያሟላቸው የሚገቡ ነጥቦች

• አገልግሎቱ ለማን እንደሆነና ለምን ጉዳይ እንደማያገለግል በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር መግለጽ፤
• ለእያንዳንዱ መረጃ የአጻጻፍ ሥርዓቱን፣ የዘመን አቆጣጠሩንና አንድ ትክክለኛ ምሳሌ ማስቀመጥ፤
• መረጃ ከማየት ያለፈ፣ ክፍያ የሚያስከትል ወይም ሊሰረዝ የማይችል ተግባር ከሆነ የባለጉዳዩ ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ማስፈር፤
• የስህተት መልእክት መፍትሔውን እንዲያመለክት ማድረግ። «ስህተት ተፈጥሯል» ከማለት ይልቅ «የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀን/ወር/ዓመት ተብሎ ይጻፍ» ማለት ይመረጣል፤
• ምላሽ ሲዘገይ ጥያቄውን በድጋሚ መላክ ይፈቀድ እንደሆነ መግለጽ። ይህ ካልተገለጸ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

ወኪልን በመጠቀም ማመልከቻ የሚያዘጋጁ ተገልጋዮች ቀን ሲጠቅሱ የወሩን ስም በፊደል እንዲጽፉና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው እንዲለዩ ይመከራል። ስማቸውን በመታወቂያቸው ላይ በሰፈረው ፊደል መጻፍ፣ ቅጹ ከመላኩ በፊትም እያንዳንዱን መረጃ ራሳቸው ማንበብ ይኖርባቸዋል። የይለፍ ቃልንና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥርን ለወኪል መስጠት አይገባም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ተገልጋዮች የመኖሪያ አገራቸው ሰነዶች በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተዘጋጁ ስለሚሆኑ፣ በሁለቱ አቆጣጠሮች የተጻፉት ቀኖች መጣጣማቸውን አስቀድመው ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። ቅጹ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠይቅ ግልጽ ካልሆነ፣ ከመላኩ በፊት አገልግሎት ሰጪውን ተቋም መጠየቅ ተገቢ ነው። በስህተት የተመዘገበን የልደት ቀን ወይም ስም ማስተካከል አስቀድሞ ከመጠየቅ የበለጠ ጊዜና ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል።