የስህተት መዝገብ አመጣጥና አያያዝ

ድረ ገጽ የሚያሰናዳው የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ እና ገጹን ለጠያቂው የሚያደርሰው አፓቼ ሰርቨር ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ሆኑ፤ ኢትዮጵያም በ1997 ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘች። በ2002 ሁለቱን በአንድ ጥቅል ያቀረበው ዛምፕ ሲወጣ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መዲና በሆነችው በከሚሴም ሆነ በሌላ ከተማ፣ መስመር ቢቋረጥ እንኳ በግል ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር አቁሞ መማር የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ።

ስክሪፕት፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ሲሰናከል ሰዓቱ፣ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር የሚሰፍሩት የስህተት መዝገብ በሚባለው ፋይል ነው። በፒኤችፒ ማዋቀሪያ ፋይል «ሎግ ኤረርስ» በርቶ፣ የመዝገቡ ቦታ በ«ኤረር ሎግ» ተጽፎ አፓቼ እንደገና ሲነሣ ምዝገባው ይጀመራል፤ የአፓቼ የራሱ መዝገብ ደግሞ በዊንዶውስ ከዛምፕ ማኅደር ውስጥ፣ በአፓቼ ሥር ባለው «ሎግስ» ይገኛል። ስለዚህ ተማሪው በግምት ኮድ ከመለወጡ በፊት መዝገቡን ያንብብ።