ፍሬን

ፍሬን፦ የተሽከርካሪን ፍጥነት መቀነሻ፣ ተሽከርካሪን ማቆሚያ፣ ከቆመም በኋላ እንዳይንሸራተት መያዣ። በጣሊያንኛ ፍሬኖ ይባላል፤ ፈረንሳይኛውም የዚሁ ዘመድ ነው። የሁለቱም ምንጭ የሆነው ላቲኑ ፍሬኑም የፈረስ ልጓም ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ለተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ ቃሉም ዕቃውም የቆየ ወዳጅ ነው።

አጠቃቀም፦ ፍሬን ያዘ፤ የእጅ ፍሬን፤ የፍሬን ሸራ። «ፍሬኑ የተበጠሰ» የሚባለው ራሱን መግታት ያቃተው ሰው ነው።

የኤሌክትሪክ ፍሬን፦ ሁለት ፍቺ አለው።

1. ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሠርቶ ፍጥነት የሚቀንስበት ዘዴ። የኤሌክትሪክ ባቡር ቁልቁለት ሲወርድ ይጠቀምበታል።

2. በጎልፍ መኪናና በመሰል ባለባትሪ ተሽከርካሪዎች ሞተር ጫፍ ላይ የሚታሰር ማግኔታዊ ፍሬን። አሠራሩ ከተለመደው ግምት ተቃራኒ ነው፤ የሚይዘው ስፕሪንግ፣ የሚያስለቅቀው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ኃይል ሲቋረጥ ተሽከርካሪው ይቆለፋል እንጂ አይንሸራተትም።

እንዲህ ያለ ፍሬን ያለው መኪና ፍጥነት መስጫው ተረግጦ ካልተንቀሳቀሰ ጆሮ ይጣል። ፍሬኑ ሲለቅ የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ባትሪው፣ ፊውዙና የሽቦው መጋጠሚያ ይታዩ፤ ቀጥሎ ወደ ፍሬኑ ኃይል መድረሱ በቴስተር ይለካ። ኃይል እየደረሰ ካልለቀቀ የተቃጠለ ጥቅል ሽቦ ወይም የተጣበቀ ሸራ ይጠረጠራል። ኃይል ተቋርጦም መኪናው ዳገት ላይ የሚንሸራተት ከሆነ የሸራው ማለቅ ይጠረጠራል።

ማሳሰቢያ፦ ፍሬኑን በእጅ ከማስለቀቅዎ በፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ሳያስለቅቁም መኪናውን አይጎትቱ።