ሕመምተኛው ሯጭና አሠልጣኙ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶኑን ውድድር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የተመለከተ ሁሉ፣ ይህ ሰው በመስከረም 6 ቀን ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ያስወጣ መሆኑን ለማመን ሳይቸገር አልቀረም። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነበር። ድሉ እስከ ዛሬ ይወሳል። ነገር ግን በየሜዳው አንድ ወጣት «አሞኛል» ባለ ቁጥር «አበበስ ከሐኪም ቤት ወጥቶ አልሮጠምን?» እየተባለ ሲጠቀስ መስማት የተለመደ ሆኗል።

በበኩሌ ንጽጽሩ የተሳሳተ ይመስለኛል። የአበበ በሽታ ከአካሉ ወጥቶ የተጣለ ነበር፤ የቀረው ሥራ ቁስሉ እስኪሽር መጠበቅና ጉልበቱን መመለስ ብቻ ነው። ደግሞም የ32 ዓመት ጎልማሳ፣ ለዓመታት በኦኒ ኒስካነን እጅ የተገራ ሯጭ እንጂ ሰውነቱን ገና ያላወቀ ጀማሪ አልነበረም።

በሽታው ውስጡ እያለ የሮጠው ኬንያዊው ኪፕቾጌ ኬይኖ ነው። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በሐሞት ከረጢቱ ሕመም እየተሠቃየ በ10,000 ሜትር ውድድር ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሐኪሞች እንዳይሮጥ መከሩት፤ እሱ ግን በ5,000 ሜትር ሁለተኛ ወጣ፣ ጥቅምት 10 ቀን ደግሞ 1,500 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ34.9 ሴኮንድ አሸነፈ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ እግሩን የታመመው አበበ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ማራቶኑን አቋረጠ፤ ወርቁንም ማሞ ወልዴ አመጣው። የኬይኖ ታሪክ በየአጋጣሚው ሲተረክ የአበበ ማቋረጥ ግን እንደ ሐዘን ብቻ ይነገራል። በእኔ አስተያየት ለወጣቶች ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

እኛ መሐንዲሶች ድልድይ ስንነድፍ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ መጠባበቂያ እንተውለታለን። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና አንድ ጊዜ በሰላም ቢሻገር ድልድዩ ያን ያህል ይሸከማል ማለት አይደለም፤ መጠባበቂያው ተበላ ማለት ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ልብም እንዲሁ ነው። ገና ተቀምጦ ሳለ ምቱ ይፈጥናል፤ ሰውነቱ በላብ ውሃ ያጣል፤ ሩጫው ሲጨመርበት ቀሪው መጠባበቂያ ይሟጠጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የበሽታው ተሕዋስያን የልብን ጡንቻ ያስቆጡ እንደሆነ የልቡ ምት በድንገት ሊዛባ መቻሉ ነው።

አሠልጣኙን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በሰበብ ከልምምድ የሚቀረውን ሰነፍና በእርግጥ የታመመውን ከውጭ አይቶ መለየት ያስቸግረዋል። ትልቁ ውድድር የሚመጣው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ወጣቱም ቦታውን ላለመነጠቅ ሕመሙን ይደብቃል። ስለሆነም ብዙዎች አንድ ቀላል መለኪያ ይዘዋል፤ ይኸውም ሕመሙ ከአንገት በላይ ከሆነ፣ ማለትም የአፍንጫ ጉንፋን ብቻ ከሆነ፣ ቀለል ያለ ልምምድ መፍቀድ፣ ትኩሳት ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን ማሳረፍ ነው። መለኪያው ሻካራ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ነገሩ በአደባባይ የወጣው በኒስካነን አገር በስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 ድረስ በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ በጫካ ከሚሮጡት መካከል 16 ወጣቶች በድንገተኛ የልብ ሞት ተቀጠፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ከሚጠበቀው በላይ በሆኑት ላይ የልብ ጡንቻ መቆጣት ተገኘ። መንሥኤው አንድ መሆኑ ባይረጋገጥም ስፖርቱ ለወራት እንዲቆም ተደረገ፤ አሠልጣኞችና ሯጮችም የልምምድ ልማዳቸውንና ለሕመም ያላቸውን አመለካከት እንዲለውጡ ተመከሩ። በተከታዮቹ 3 ዓመት ተኩል ውስጥ ከእነዚህ ወጣት ሯጮች መካከል በዚህ ዓይነት ሞት የተለየ አልነበረም።