ለአጭር ጊዜ ታይተው የሚጠፉ የዕይታና የነርቭ ምልክቶች፦ መንስኤዎችና መወሰድ ያለበት እርምጃ

በድንገት የአንድ ዓይን መጋረድ፣ የፊት፣ የእጅ ወይም የእግር በአንድ ጎን መደንዘዝ ወይም መዛል እንዲሁም የአንደበት መያዝ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፉ ይችላሉ። ምልክቶቹ በመጥፋታቸው ብዙዎች ከድካም ወይም ከረሃብ ጋር ያያይዟቸዋል። ሆኖም የምልክቱ መጥፋት የችግሩን መወገድ አያረጋግጥም።

ሊሆኑ የሚችሉ መንስኤዎች

ጊዜያዊ ስትሮክ፦ ወደ አንጎል ወይም ወደ ዓይን የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ለአጭር ጊዜ ሲዘጋ ይከሰታል። በድንገት ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ይቆያል። ዋነኛ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ አደጋው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከፍተኛ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የተዛባ የልብ ምትና ማጨስ ያጋልጣሉ። በልጅነት ካልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚመነጭ የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸው ወጣቶችም ተጋላጭ ናቸው።

ማይግሬን፦ የሚያብለጨልጩ ወይም የተሰባበሩ መስመሮች ይታያሉ። ቀስ በቀስ እየሰፉ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያሉ፤ ብዙውን ጊዜ ራስ ምታት ይከተላል።

የደም ስኳር ማነስ፦ በተለይ ኢንሱሊን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ብዥታ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ያስከትላል።

የደም ግፊት በድንገት መውረድ፦ ከተቀመጡበት ሲነሱ ሁለቱም ዓይኖች ለሰከንዶች ይጨልማሉ።

የሚጥል ሕመም፦ ራስን ሳያስት በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ መንዘር ወይም የዕይታ መዛባት ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

የደም ሥር ብግነት፦ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ አዲስ ራስ ምታትና ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመም ከታከሉ፣ ሕክምና ካልተደረገ ዕይታን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

መወሰድ ያለበት እርምጃ

• ምልክቱ ቢጠፋም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ ምልክቱ ካልጠፋ ወይም ከተመለሰ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ወይም በ907 አምቡላንስ መጥራት።
• ምልክቱ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት መመዝገብ።
• የተጋረደው አንድ ዓይን ወይም ሁለቱም መሆኑን ለመለየት ዓይኖችን በየተራ ሸፍኖ መመልከት።
• የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ይዞ መቅረብ።
• እስከ ምርመራ ድረስ ከማሽከርከር መቆጠብ።
• ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን አለመውሰድ፤ ምክንያቱ የደም መፍሰስ ከሆነ ጉዳቱን ያባብሳልና።

በጤና ጣቢያ የደም ግፊትና የደም ስኳር ይለካል፤ ታካሚውም እንደ አስፈላጊነቱ ለአንጎል፣ ለልብ ወይም ለዓይን ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይላካል።