ሐሙስ በሁለት ሰዓት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ የአንድ ሕፃን እግር የት እንዳደረሰኝ ላውጋችሁ። በወሬው መሀል የእኔ የምላስ ጥፋት አለበት፤ ስደርስበት አላልፈውም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኑሮዬ ቨርጂኒያ ነው፣ እንጀራዬም ታክሲ መንዳት፤ ከ20 ዓመት በላይ መሪ ጨብጬ ኖሬአለሁ። አንድ ማታ ከደለስ አየር ማረፊያ የጫንኋት ሴት የአጥንት ሐኪም ሆና ተገኘችና ከየት እንደሆንሁ ጠየቀችኝ፤ ስነግራትም «በመስከረም ወደ አገርህ ልንሄድ ነው፤ እግራቸው ቆልማማ ሆኖ ለተወለዱ ሕፃናት፤ አስተርጓሚ ግን አጣን» አለችኝ፤ እኔም የዚያን ማታውን ሒሳብ ሳልቀበላት ቀርቼ፣ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነግሬ፣ ትኬቴን በራሴ ገንዘብ ቆርጬ ተነሣሁ።

በመስቀል ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከአዲስ አበባ ወጥተን እንጦጦን አለፍንና ሱሉልታ ስንደርስ ጉሙ ሜዳውን ሞልቶት፣ ከጉሙ ውስጥ አደይ አበባው ብቻ ብቅ ብቅ ይል ነበር፤ ከዚያም ሙከጡሪን አለፍን፣ ፍቼን አለፍን፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ ቀምሰን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ጀመርን። በዚያ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ካፖርት ይወልቃል፣ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው እንደ ቀራጭ ያዩአችኋል። ጃፓኖች በሠሩት በህዳሴ ድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ድልድይ ጡረታ እንደወጣ ሰው ከጎኑ ቆሞ ያያል። ሾፌራችን ከድልድዩ ራቅ ብሎ ቆመና መጀመሪያ ሞተሩን ውኃ አጠጣ፣ ቀጥሎ ራሱ ጠጣ።

ዳገቱን ስንወጣ ነው ሐኪሟ የምትሠራበትን ዘዴ ያወጣውን የፖንሴቲን ታሪክ የጀመረችልን። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በፈረንጆች 1914 ሜኖርካ በምትባል የእስፔን ደሴት ተወለደ፤ አባቱ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ልጁም ጥቃቅን ነገር በጣት ጫፍ የሚያዝበት ቤት አደገና ሐኪም ሆነ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱም መጣና የተሰበረ አጥንት በጀሶ ሲያስር ከረመ፤ ወገኑ ሲሸነፍም ቁስለኞቹን የፒሬኔን ተራራ አሻግሮ ፈረንሳይ አደረሰ፤ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከዚያም በ1941 አሜሪካ፣ አዮዋ። እዚያ በሕፃንነታቸው እግራቸው በቢላ የተቀና ሰዎችን አያቸው፤ አድገው እግሩ ደርቆ ያማቸዋል። የሕፃን ጅማት ለጋ ነውና በእጅ ቀስ እያሉ ቢመልሱት፣ የተመለሰውንም በየሳምንቱ በጀሶ ቢይዙት ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና ይቀናል ብሎ በ1963 ጻፈ። 30 ዓመት ያህል የሰማው ጥቂት ነበር፤ ኋላ ግን ልጆቻቸው የዳኑላቸው ወላጆች ለሌሎች ወላጆች እየነገሩ አዳረሱት። በ2009፣ በ95 ዓመቱ፣ ሲሞት ዘዴው ዓለምን ዞሮ ነበር።

ከደጀን አልፈን ያለች ከተማ ገባን። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቴ እዚያ ነውና። የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ እናቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ሕፃናቱን በነጠላ ጠቅልለው እግር እግራቸውን ሸፍነዋል። አንዷ ከቆላ አንድ ቀን ተኩል በእግሯ መጥታ፣ የመጨረሻውን መንገድ ባጃጅ አሳፍሯት ደርሳለች። ስንት ወሩ ነው ብላት «ለሰኔ ሚካኤል ነው የወለድሁት» አለችኝ። ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው መርገጫው ሰማይ ያያል። ወጌሻ ሁለቴ አሽቶታል። የባሏ ዘመዶች «በእኛ ዘር የለም» ብለዋታል፣ ጎረቤት እርግማን ነው ብሏታል፤ ይህን ሁሉ ስተረጉም ሐኪሟ «ከ1,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ በእኛም አገር፣ በሀብታሙም ቤት» በላት አለችኝ። እናትዬዋ ግን ጆሮዋ ሌላ ዘንድ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቆርጡታል እንዴ?»

«የለም እኅቴ፣ በእጅ ነው የሚቀናው» አልኳት። ያን ጊዜ ነጠላውን ገለጠችው።

ሐኪሟ ምን አደረገች መሰላችሁ? እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። የሠራው የሆስፒታሉ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነው። «አውራ ጣትህን እዚያ አጥንት ላይ፤ ተረከዙን እንዳትነካ፤ ቀስ» ትለዋለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሱ ግን እንግሊዝኛውን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ሕፃኑ ጡት እየጠባ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ከጣቱ እስከ ታፋው እርጥብ ጀሶ ተጠቀለለለት፤ እኔም ሌላ ሥራ ስላጣሁ እሹሩሩ አልሁለት።

በጎ ፈቃደኛ ነን ብለው ሳምንት ሠርተው፣ ፎቶ ተነሥተው የሚሄዱ አይቻለሁ፤ ልባቸውን አልወቅስም። ይህ እግር ግን አምስትና ስድስት ጊዜ፣ በየሳምንቱ፣ ጀሶ መቀየር ይፈልጋል፤ የአንድ ሳምንት እንግዳ አንድም እግር አይጨርስም። ሐኪሟ እጇን ያጣመረችው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ምላሴ ልምጣ። ከመሄዳችን በፊት ሐኪሟ ለእናቶቹ ሁሉ እንድነግር አዘዘችኝ፤ የሚቀጥለው ሐሙስ፣ በስምንት፣ ጀሶውን ቤታችሁ በውኃ ዘፍዝፋችሁ፣ ፈትታችሁ ኑ። እኔም ድክም ብሎኝ፣ የቨርጂኒያው ሰዓት በአንጎሌ እንደዞረ፣ «ሐሙስ በስምንት ሰዓት» አልኳቸው። እናንተ ሳቃችሁ። የሐኪሟ ስምንት የእኛ ሁለት ሰዓት ነበር፣ የጠዋቱ።

ሐሙስ ደረሰ። ወጣቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠበቀ፣ እስከ ስድስት ጠበቀ፣ ማንም ሲጠፋ ቆልፎ ከከተማ ውጭ ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሌላው ሥራው፣ ሄደ። በስምንት ሰዓት እናቶቹ መጡ፤ ጀሶውን በየሳፋቸው ፈትተው፣ የልጆቹን ባዶ እግር ታቅፈው፣ የተቆለፈ በር ፊት ቆሙ። የተፈታ እግር ደግሞ አይጠብቅም፤ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እኔ አዲስ አበባ እኅቴ ቤት ቡና እየጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነበር ያሉአቸው?» አለኝ ወጣቱ። ሲመሽ ተመልሶ፣ መብራት ጠፍቶ በስልኩ ብርሃን ያገኛቸውን ሁሉ አሰረላቸው፤ የሰኔ ሚካኤሏም በረንዳው ላይ ጠበቀችው። ሦስቱ ግን ሄደው ነበር።

በማግስቱ በሌሊት አውቶቡስ ተራ ወረድሁ፣ ያንኑ ዓባይ እንደገና ወርጄ ወጣሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆሜ ከየቀበሌው የመጣውን ሰው ስጠይቅ ዋልሁ። ጌሾ የምትሸጥ ሴት አንዷን አወቀቻት፤ የሁለተኛዋን ወንድም በቅሎ ሲጭን አገኘሁት። ሁለቱም ተመለሱ። ሦስተኛዋ መዝገብ ላይ ያስጻፈችው ስልክ የጎረቤት ነው፤ አይነሣም።

የሰኔ ሚካኤሉ ልጅ ስድስት ጀሶ ጨረሰ፤ ከዚያ እንደ አብዛኞቹ ልጆች ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት በትንሽ ምላጭ ተቆረጠለት፤ እናቱም «ጋሼ አይቆረጥም ብለውኝ ነበር» ብላ ወጣቱን ተቆጣችው አሉ። እውነቷን ነው። ከዚያ የሦስት ሳምንት ጀሶ፣ ከዚያም በአንድ ብረት የተያያዘ ጥንድ ጫማ፤ ሦስት ወር ሌት ተቀን፣ ኋላ ሲተኛ ሲተኛ፣ እስከ አራት ዓመቱ። በቀን 23 ሰዓት ይደረግ ይላል ወረቀቱ፤ ወጣቱ ግን ሰዓት መጥራት ትቷል፤ «ስታጥቢው ብቻ አውልቂው» ነው የሚላቸው። ሴትዮዋ አራት ዓመት እስኪሞላው፣ ልጁ እያለቀሰ፣ አማት እያጉረመረመች፣ ማታ ማታ ያን ጫማ አሠረች። ዘንድሮ ሄጄ አየሁት፤ ፍየል ሲያባርር ደረስሁ፣ ሰላም ሊለኝም አልቆመም።

የሦስተኛዋ ልጅ አሁን አምስት ዓመት ይሞላዋል፤ ቀኝ እግሩ ብቻ ነበር። ሐኪሟን ጠይቄአታለሁ፤ በዚህ ዕድሜም ይሠራል፣ ጊዜው ይረዝማል እንጂ። ከደጀን ማዶ ዘመድ ያላችሁ፣ ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ እንዲህ ያለ ልጅ ብታዩ ለእናቱ ንገሩልኝ፦ ሐሙስ በሁለት ሰዓት፣ በጠዋቱ።