በሰው ስም የተከፈተ ሱቅ

ጁምዓ ከሰዓት ከኢንዱስትሪ ከተማው ካምፕ ወጥታችሁ ኾባር ስትወርዱ፣ ንጉሥ ኻሊድ መንገድን ወይም ሱወይከት ገበያን ዞር ዞር ብላችሁ ካያችሁ፣ አንዱ ሱቅ ክፍት ሆኖ ጎኑ ያለው ተቆልፎ፣ መስታወቱ ላይ «ሊል ኢጃር» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሳታዩ አልቀራችሁም። አዲስ የመጣ ልጅ «ድሮም እንዲህ ነው እንዴ?» ይላል። ድሮማ እንዲህ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን የተዘጋው ሱቅ አይደለም። ከመካከላችን ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ ሳዑዲ በስሜ ሱቅ ክፈት፣ በወር ይህን ያህል ትሰጠኛለህ፣ ትርፉ ያንተ ነው ይለኛል። ልግባበት ወይ?» ለዚህ ጥያቄ ከማንም ምክር ይልቅ የመንገዱ ታሪክ የተሻለ መልስ አለው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኾባር የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት መንደር ነበረች። በ1923 ከባህሬን የተሻገሩ የደዋሲር ጎሳ ሰዎች ሰፈሩባት። በማርች 1938 እዚሁ አፍንጫችን ሥር ዳህራን ላይ «ደማም ቁጥር 7» የሚባለው ጉድጓድ ነዳጅ ሰጠ፤ ከዚያ በፊት የተቆፈሩት ተስፋ አስቆርጠው ነበር። የመጀመሪያው ነዳጅ ከኾባር ዳርቻ በጭነት ጀልባ ተጭኖ ወደ ባህሬን ይሻገር ነበር። በዓመቱ ራስ ተኑራ ላይ ትልልቅ መርከብ መጫን ሲጀመር ነዳጁ ከኾባር ሄደ፤ ሠራተኛው ግን ቀረ። ሠራተኛ ደግሞ ሳሙና፣ ሻይ፣ ጫማ፣ ሰዓት ይፈልጋል። ገበያዋ በዚህ ቆመች።

በ1947 የአራምኮ መሐንዲሶች የኾባርንና የደማምን ፕላን አወጡ። መሐል ኾባር እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ በካሬ የተሰመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደማም ወደብና ወደ ሪያድ የሚሄደው ባቡር ሥራ ሲጀምሩ ከባዱ ጭነት ወደ ደማም ዞረ፤ ለኾባር ሸመታው ቀረላት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ዘመን ከትንሽ ተነስተው ትልቅ ከሆኑት አንዱ ሱለይማን ዖለያን ነው። የዑነይዛ ልጅ ነው፤ በ1937 በነዳጅ ኩባንያው ተቀጥሮ ዓመታት ሠራ። በ1947 ሥራውን ለቆ፣ ያለውን አስይዞ የጭነት መኪና ገዛና ለታፕላይን ቧንቧ ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። ዛሬ ዖለያን ግሩፕ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ጎበዝ ሰው ነበር፣ አይካድም። ጉብዝናው ብቻ ግን አልበቃም። ኮንትራት የሚሰጠው ኩባንያ ነበረ፤ አራምኮም የአገሬውን ነጋዴ የሚያማክርና የሚያግዝ ለብቻው የተቋቋመ ክፍል ነበረው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናው፣ ውሉና ፈቃዱ በራሱ ስም ነበሩ። የሚያስይዘው ነገር የራሱ ስለነበረ አስያዘ።

ከውጭ የመጣው ሠራተኛስ? እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ። በነገራችን ላይ ከእኛ ቀጠና ወደዚህ የመጡት የመጀመሪያዎቹ በብዛት የተቀጠሩ ሠራተኞች፣ አራምኮ በ1940ዎቹ አጋማሽ ለራስ ተኑራ ማጣሪያ ግንባታ ከአስመራ ያስመጣቸው ጣሊያኖች ነበሩ። በጦርነቱ ተሸንፈው ኤርትራ የቀሩ ግንበኞችና መካኒኮች ናቸው። ካምፕ፣ ሙቀት፣ የደመወዝ ጭቅጭቅ፣ ሁሉን ከእኛ በፊት ቀምሰውታል።

መንገዱ የሞቀው ከ1973 የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ነው የደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ የተመሠረተው፤ በደማምና በኾባር መካከል፣ 2.4 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ገደማ። ከፊሊፒንስ፣ ከኬራላ፣ ከፓኪስታን፣ ከየመን የመጣው ሠራተኛ ደመወዝ ሲወጣ ሃዋላውን ይልክና በቀረችው ሊገዛ ይወርዳል፤ አንዱ ኾባር፣ ሌላው ደማም ሲኮ ወይም ሱቅ አል-ሁብ። ቴፕ ሬኮርደር፣ ብርድ ልብስ፣ ለሠርግ ወርቅ። የትንንሽ ሱቆች ትርፍ ከሀብታም ቪላ ሳይሆን ከዚህ ሰው ኪስ ነበር የሚወጣው። በ1986 ሁለት ነገር ተደረበ፤ የነዳጅ ዋጋ በርሜሉ ከ10 ዶላር በታች ወረደ፣ በኖቬምበር ደግሞ የባህሬኑ ድልድይ ተከፈተና ሳምንት ማብቂያ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ባሕሩን መሻገር ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋባቸው ትልልቅ ሞሎች መጡና የቤተሰቡን ሸመታ ወሰዱት። ለመንገዱ የቀረው የእኛ ዓይነቱ ደንበኛ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። የየመኖችን ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስከ 1990 ድረስ የመናዊ ከፊል አያስፈልገውም ነበር። እንደልቡ ገብቶ ይሠራል፣ ሱቅም በራሱ ይከፍታል። በመላው ሳዑዲ በየመንገዱ በቃላው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ ስፌቱ የየመናዊ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በኦገስት 1990 ኢራቅ ኩዌትን ወረረች። የየመን መንግሥት አቋም ሳዑዲን አስቆጣ። በሴፕቴምበር ያ ልዩ መብት ተነሳና፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከፊል ያላገኘ ይውጣ ተባለ። 800,000 የሚገመት ሰው ወጣ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተለፋበት ሱቅ በችኮላ፣ በተገኘው ዋጋ ተሸጠ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች የተደበቁ አልነበሩም፤ በሕግ የተፈቀደላቸውን ነበር የሚሠሩት። ፈቃዱ ሲነሳ ሱቁም አብሮ ሄደ።

የእኛን ደግሞ የምታስታውሱ አላችሁ። በ2013 መጨረሻ አሰሳው ሲጀመር በጥቂት ወራት ውስጥ 160,000 ያህል ወገኖቻችን ወደ አገር ቤት ተመለሱ። በዚያው ዓመት በጁን 29 የሳምንቱ ዕረፍት ከሐሙስና ጁምዓ ወደ ጁምዓና ቅዳሜ ዞረ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የረቡዕ ማታ ገበያ ለነበረው ባለሱቅ ግን ትንሽ አልነበረችም።

ከባዱ ምት የመጣው በኋላ ነው። በ2016 የሞባይል ሱቅ ሥራ ለሳዑዲዎች ብቻ ሆነ። ከጁላይ 2017 ጀምሮ ቤተሰብ ይዞ የሚኖር የውጭ ሠራተኛ በአንድ ሰው በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደረገ፤ በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጅ ያለውን አስቡት፤ በወር 400 ሪያል የጀመረው ክፍያ 1,600 ሆነ። ማን ይችለዋል? ሚስትና ልጆቹን ሸኝቶ እሱ የወንደላጤ ክፍል ገባ። የልጆች ጫማ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ድስትና ምንጣፍ የሚሸጠው ሱቅ ደንበኛውን ያጣው ያን ቀን ነው። በ2017 እና በ2018 ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ የውጭ ሠራተኛ ከአገሪቱ የሥራ ገበያ ወጣ። በዚያ ላይ ከ2018 ጀምሮ የውጭ ሠራተኛ የሚበዛበት ድርጅት በሰው በወር 400፣ ቀጥሎ 600፣ ቀጥሎ 800 ሪያል ክፍያ ተጣለበት። ፋብሪካ ያላችሁት ብዙም አልተሰማችሁ ይሆናል፤ ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ የኢንዱስትሪውን ክፍያ መንግሥት ስለሸፈነው ነው። ለመንገዱ ሱቅ ያኔ እንዲህ ያለ ትከሻ አልተገኘለትም። በ2018 እና በ2019 መጀመሪያ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓይነት ሱቆች፣ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የመኪና መለዋወጫና ሌላም፣ ከሻጮቻቸው 70 በመቶው ሳዑዲ እንዲሆን ታዘዘ። ኮቪድ ሲመጣ መንገዱ አስቀድሞ ታሞ ነበር። በጁላይ 2020 ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ5 ወደ 15 በመቶ ሲወጣ ብዙዎች በራቸውን ዘጉ።

እንግዲህ «በስሜ ክፈት» የሚለው ነገር፣ በዓረብኛው ተሰቱር የሚባለው፣ በዚህ መካከል ነው ያለው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ፈቃዱ፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የባንክ ሒሳቡ በከፊሉ ስም ነው። ዕቃው በእናንተ ገንዘብ ይገዛል፤ ለእሱ በወር ቁርጥ ይሰጠዋል። ድሮ ሁሉም ነገር በእጅ በእጅ ስለሆነ አይታይም ነበር። ከኦገስት 2020 ጀምሮ ግን ማንኛውም ሱቅ የካርድ መክፈያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ፤ ገንዘቡ በባንክ ሲያልፍ ማን እንደሚሸጥና ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። በዚያው ወር አዲሱ የተሰቱር ሕግ ጸደቀ። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ነው፤ የውጭ ሰው ከሆነ በዚያ ላይ መባረርና ተመልሶ ለሥራ አለመግባት። ነገሩን ሕጋዊ ለማድረግ የተሰጠው ጊዜ በፌብሩዋሪ 16፣ 2022 አልቋል። ከሕጋዊ መንገዶቹ አንዱ ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ በዓመት 100,000 ሪያል፣ ለዘለቄታው 800,000። የእኛን ደመወዝ ለምታውቁ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ከፊል ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ቃሉን አክባሪ አለ። ግን ሲሞት ልጆቹ ይመጣሉ፤ ሲጣላችሁ ደግሞ ከሳሹ እሱ፣ ፈቃዱ የእሱ፣ ዕቃውም በወረቀት የእሱ ነው። ሕግ ፊት «ገንዘቡ የኔ ነው» ብላችሁ ስትናገሩ ራሳችሁን መክሰሳችሁ ነው። ከየመኖቹ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ቢያንስ «ይህ ሱቅ የኔ ነው፣ ግዛኝ» ማለት ይችሉ ነበር።

መንገዱ ሞቷል ማለትም አይደለም። በ2019 ሱቆች ፈቃድ ከፍለው 24 ሰዓት መክፈት ተፈቀደላቸው፤ በ2021 በሶላት ሰዓት ክፍት መሆንም ተጀመረ። በኦክቶበር 2022 በአሥራ ሁለት ከተሞች መሐል ከተማን የሚያለማ የመንግሥት ኩባንያ ተቋቋመ፤ ኾባር ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ናት። ደስ የሚል ነገር ነው። ለኔ ጥያቄ የሚሆንብኝ ኪራዩ ነው። ቦታ ሲያምር ኪራይ ይወጣል፤ የ10 ሪያል ካልሲና የ5 ሪያል ምሳ የሚሸጥ ሱቅ ከአዲሱ መብራት ሥር ይቆያል ወይ? እሱ ከሄደ ከኢንዱስትሪ ከተማው በአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ምን ሊያደርግ ይወርዳል?

«እንግዲያው አገር ቤት ልክፈት» የሚለው ሐሳብ የተሻለ ነው፤ እዚያም ግን ወረቀቱን እዩ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ የቆየ ነጋዴ ተከራይ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ፣ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ነበሩ። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወንድሜ ተከራይቶልኛል ካላችሁ ውሉ በማን ስም እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ንግድ ፈቃዱ ማንን እንደሚል በስልክ ሳይሆን በፎቶ ጠይቁ። ዘመድን መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕቁብ እንኳ ዳኛና ጸሐፊ አለው።

እዚህ በሰው ስም ገንዘብ ያስገባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ከከፊላችሁ ጋር ሳትጣሉ፣ ለሌላ ሰውም ሳታወሩ፣ ያላችሁን ወረቀትና የሃዋላ ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡና አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ። የጠበቃው ክፍያ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ለአሥር ሲካፈል ግን የአንድ ቀን ደመወዝ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ስብሰባ የምንነጋገርበት አንዱ ጉዳይ ይህ ስለሆነ ስማችሁን ሳይሆን ጥያቄያችሁን ብቻ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ።